በብራትል ጎዳና የቆመው ቢጫ ቤት

ከቦስተን ተነስቶ የቻርልስን ወንዝ የተሻገረ ሰው ካምብሪጅ ይገባል። ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አጥር ጥቂት እንደተራመደ ብራትል የተባለውን፣ ዛፍ የበዛበትን ጎዳና ያገኛል። በዚህ ጎዳና 105 ቁጥር ላይ፣ ከመንገዱ ፈንጠር ብሎ አንድ ትልቅ ቢጫ የእንጨት ቤት ቆሟል። የተሠራው በ1759 ነው፤ ማሳቹሴትስ ገና የእንግሊዝ ንጉሥ ቅኝ ግዛት ሳለች። (በዚህ ትረካ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቤቱ በብዙ ስም ተጠርቷል፦ የቫሳል ቤት፣ የዋሽንግተን ጠቅላይ ሠፈር፣ የክሬጊ ቤት፣ የሎንግፌሎ ቤት። ስማቸውን የሰጡት ሁሉ ወይ ገንዘብ፣ ወይ ሥልጣን፣ ወይ ብዕር የነበራቸው ሰዎች ናቸው። በባርነት ያገለገሉት ኩባና ቶኒ፣ ልጃቸው ዳርቢም፣ ለቤቱ ስም አልሆኑም። እኔ የቤቱን ታሪክ ስተርክ እነሱን ከጓዳ አውጥቼ ከባለቤቶቹ ጎን አስቀምጣቸዋለሁ፤ ያለ እነሱ የሚነገረው ታሪክ ግማሹ የጎደለ ነውና።

ጆን ቫሳል ቤቱን ሲያሠራ ገና የ21 ዓመት ወጣት ነበር፤ ከሃርቫርድ ከተመረቀም ሁለት ዓመቱ። የግንባታው ገንዘብ ከካምብሪጅ አፈር የተገኘ አልነበረም። የቫሳል ቤተሰብ በጃማይካ ሰፋፊ የሸንኮራ አገዳ እርሻዎች ነበሩት። አገዳውን የሚቆርጡት፣ የሚጨምቁትና ጭማቂውን እሳት ዳር ቆመው የሚያፈሉት ከአፍሪካ በመርከብ የተጋዙ ሰዎችና ልጆቻቸው ነበሩ። የእነሱ ጉልበት ስኳር ሆነ፤ ስኳሩ ገንዘብ ሆነ፤ ገንዘቡም ባሕር ተሻግሮ በብራትል ጎዳና ጣውላና ጡብ ሆነ።

ቤቱ በዘመኑ የእንግሊዝ ባለጸጎች ይወዱት በነበረው የጆርጂያን ስልት የታነጸ ነው። በሩ ልክ መሃል ላይ ተቀምጦ መስኮቶቹ ግራና ቀኝ እኩል ተደርድረዋል፤ በግንባሩ ላይ ረዣዥም የእንጨት ዓምዶች ተለጥፈውበታል፤ ፊቱ ወደ ወንዙ ነው። በር ሲከፈት ሰፊ መተላለፊያና ያጌጠ ደረጃ ይታያል። ሁሉም ነገር «እዚህ የሚኖረው ሰው ትልቅ ነው» ለማለት የተሠራ ይመስላል። የጎረቤት ቤቶችም እንዲሁ የተንደላቀቁ ነበሩ። ባለቤቶቻቸው በአብዛኛው የንጉሡ ታማኞች ናቸው፤ እርስ በርሳቸውም ተጋብተዋል። ጆን ቫሳል የቶማስ ኦሊቨርን እህት ሲያገባ፣ ኦሊቨር በበኩሉ የቫሳልን እህት አግብቶ ነበር።

ኩባ የተወለደችው በአንቲጓ ደሴት ነው። ወደ ማሳቹሴትስ ያመጣት ሮያል የተባለው ባለጸጋ ቤተሰብ ሲሆን፣ የዚያ ቤት ልጅ ፔነሎፒ የጆን ቫሳልን አጎት ሄንሪን ስታገባ ኩባም አብራ ካምብሪጅ ገባች። ቶኒ ደግሞ የሄንሪ ሠረገላ ነጂ ነበር። ሄንሪ በ1769 ዕዳ ጥሎ ሞተ። መበለቲቱ ኩባንና ልጆቿን ከመንገዱ ማዶ ላለው ለጆን ቫሳል ሸጠቻቸው፤ ቶኒ እዚያው ቀረ። ባልና ሚስት በአንድ ጎዳና ግራና ቀኝ እየኖሩ የሁለት ጌቶች ንብረት ሆኑ። በዚያው ዓመት ዳርቢ ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለም ጆርጅ ሪድ ለሚባል፣ በዎበርን ለሚኖር ሰው በስጦታ ተሰጠ። ልጅን ከእናቱ ነጥቆ ለወዳጅ መስጠት በዚያ ጎዳና ጨዋነትን የሚቀንስ ነገር አልነበረም።

በ1774 ነገር ተገለበጠ። በመስከረም 1 የእንግሊዝ ወታደሮች ከቦስተን ወጥተው የቅኝ ግዛቱን ባሩድ ከግምጃ ቤቱ ወሰዱ። በማግስቱ ከየገጠሩ የተጠራሩ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ካምብሪጅን አጥለቀለቋት። የንጉሡ ምክትል ገዥ የነበረውን ቶማስ ኦሊቨርን ከቤቱ ደጃፍ ቆመው ሥልጣኑን በፊርማው እንዲለቅ አስገደዱት። ጆን ቫሳል የእህቱ ባል የደረሰበትን ካየ በኋላ መቆየት አልፈለገም። ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ የእንግሊዝ ጦር ወደሚጠብቃት ቦስተን ሸሸ፤ ከዚያም ወደ ሃሊፋክስ፣ በመጨረሻም ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገረ። ቤቱን ዳግመኛ አላየውም። ኩባና ቶኒ ግን አልሸሹም። በርስቱ ላይ ባለች ትንሽ ቤት ተቀመጡ፤ መሬቱንም ያርሱ ጀመር።

የነጻነት ጦርነቱ በሚያዝያ 1775 ሲፈነዳ ባዶው ቤት ለአማፂው ጦር ምቹ ሆነ። መጀመሪያ የገቡበት በጆን ግሎቨር የሚመራው የማርብልሄድ ክፍለ ጦር ሰዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ ዓሣ አጥማጆችና መርከበኞች ነበሩ። በሐምሌ ጆርጅ ዋሽንግተን የጦሩ ጠቅላይ አዛዥ ሆኖ ከፊላዴልፊያ መጣ። በወሩ አጋማሽ ወደ ቫሳል ቤት ተዛወረ፤ እስከ ሚያዝያ 1776 መጀመሪያ ድረስም ጠቅላይ ሠፈሩ አደረገው። ዘጠኝ ወር ለማይሞላ ጊዜ የአሜሪካ ነጻነት ጦርነት የሚመራው ከዚህ ቤት ነበር።

ያ ጊዜ የጀግንነት ወግ ብቻ አይደለም። በነሐሴ ወር መጀመሪያ መኮንኖቹ ተሰብስበው የባሩድ ክምችት ሲቆጠር፣ ለአንድ ወታደር የሚደርሰው ከዘጠኝ ተኩስ የማይበልጥ ሆኖ ተገኘ። በስብሰባው የነበረው ጄኔራል ጆን ሱሊቫን እንደጻፈው፣ ዋሽንግተን ይህን ሲሰማ ለግማሽ ሰዓት ያህል ቃል አልተነፈሰም። እንግሊዞች ይህን ቢያውቁ ኖሮ ጦርነቱ እዚያው ሊያልቅ ይችል ነበር። ወሬው እንዳይወጣ ተደርጎ እንግሊዞች ያሉባት የቦስተን ከበባ ቀጠለ። ሄንሪ ኖክስ የተባለ ወጣት መጽሐፍ ሻጭ በበረዶ ላይ በበሬ እያስጎተተ ከታይኮንዴሮጋ ምሽግ 59 መድፎች አመጣ። በመጋቢት መጀመሪያ መድፎቹ በቦስተን አናት ላይ፣ በዶርቸስተር ኮረብታዎች ተጠመዱ። በመጋቢት 17 እንግሊዞች ከተማዋን ለቀው በመርከብ ወጡ።

በዚሁ ቤት ሌላ ክርክርም ተካሂዷል፤ እኔ ከመድፎቹ ይልቅ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ጥቁር ወታደሮች በጦርነቱ የመጀመሪያ ውጊያዎች፣ በሌክሲንግተንም በበንከር ሂልም፣ ተዋግተው ደማቸውን አፍስሰዋል። ሆኖም በጥቅምት 1775 የጦር ምክር ቤቱ ጥቁሮች፣ ነጻም ሆኑ ባሪያ፣ ከእንግዲህ በአዲሱ ጦር እንዳይመዘገቡ ወሰነ። በኅዳር ውሳኔው ትእዛዝ ሆኖ ወጣ። ያገለገሉት ነጻ ጥቁሮች ዝም አላሉም፤ ቅሬታቸውን ለአዛዡ አሰሙ። በቨርጂኒያም የንጉሡ ገዥ ሎርድ ደንሞር ከአማፂ ጌቶቻቸው ከድተው ለእንግሊዝ ለሚዋጉ ባሮች ነጻነት እንደሚሰጥ አወጀ። ዋሽንግተን በታኅሣሥ መጨረሻ ትእዛዙን ለወጠ፤ ነጻ ጥቁሮች እንዲመዘገቡ ፈቀደ። ውሳኔውን ያስለወጡት የጥቁሮቹ አቤቱታና የጦርነቱ ፍላጎት አንድ ላይ ተጋጥመው ነው። ዋሽንግተን ራሱ ግን በዚያው ሰዓት ዊልያም ሊ በሚባል ባሪያ ይገለገል ነበር፤ ዊልያም በጦርነቱ ዘመን ሁሉ ከጎኑ አልተለየም።

በዚያ ክረምት አንድ ደብዳቤም ከቤቱ ወጥቷል። ፊሊስ ዊትሊ በልጅነቷ ከምዕራብ አፍሪካ ተጋዛ ቦስተን ላይ የተሸጠች፣ በ1773 ግን የግጥም መጽሐፏ ለንደን ላይ የታተመላት ሴት ናት። በጥቅምት 1775 ለዋሽንግተን የውዳሴ ግጥም ላከችለት። እሱም በየካቲት 28፣ 1776 መልስ ጻፈላት፤ አመሰገናት፤ ወደ ካምብሪጅ ብትመጣም በደስታ እንደሚቀበላት ገለጸ። የባሮች ጌታ የሆነ ጄኔራል በባርነት ላለፈች ገጣሚ በዚህ አክብሮት መጻፉ በዘመኑ እንግዳ ነገር ነበር።

ስለ ዳርቢ ሲነገር የኖረ አንድ ታሪክ እዚህ ላይ ይገባል። ጆርጅ ሪድ በ1775 ሲሞት ልጁ ወደ ወላጆቹ ተመለሰ። ዋሽንግተን ቤቱን ሊረከብ ሲመጣ የስድስት ዓመቱ ዳርቢ አጥሩ በር ላይ እየተወዛወዘ ይጫወት ነበር ይባላል። ጄኔራሉ ወደ ቤት ገብቶ እንዲሠራለት ሲጠይቀው፣ ልጁ ደመወዙ ስንት እንደሆነ መልሶ ጠየቀው። ዋሽንግተንም አልወደደለትም። ዳርቢ ሸምግሎ ይህን ሲያወራ ስለ ዋሽንግተን ጥሩ ቃል አልነበረውም። የአንድ ልጅ ጥያቄ ነው፤ ከነጻነት ጦር አዛዥ ፊት ከቀረቡት ጥያቄዎች ሁሉ ግን የከበደው ይኸው ይመስለኛል።

የማሳቹሴትስ መንግሥት የሸሹትን የንጉሡን ታማኞች ርስት ወረሰ፤ የቫሳልም ለሽያጭ ቀረበ። ቶኒ ያኔ ለምክር ቤቱ አቤቱታ አቀረበ። እሱና ሚስቱ ስልሳ ዓመት ሊሞላ የተቃረበ ዕድሜያቸውን በባርነት እንዳሳለፉ፣ አሁን ደግሞ በነጻነት አገር እየኖሩ መጠለያቸውን ሊያጡ እንደሆነ ገልጾ፣ የሚያርሷት ቁራጭ መሬት እንድትሰጣቸው ለመነ። መሬቱን አልሰጡትም። በ1781 ግን ከርስቱ ሽያጭ ገንዘብ በየዓመቱ 12 ፓውንድ እንዲከፈለው ተወሰነ። ያገለገለበት ርስት ገንዘብ በሕግ ለአገልጋዩ ሲከፈል በአሜሪካ ታሪክ ብርቅ ነው፤ ያንንም ያገኘው ተሰጥቶት ሳይሆን ጠይቆ ነው። በ1783 በማሳቹሴትስ ፍርድ ቤት ባርነት ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደማይስማማ ተነገረ። ቶኒ በ1811 ሲሞት ኩባ አበሉ እንዲቀጥልላት ጠየቀች፤ ተፈቀደላትም። በዓመቱ እሷም ተከተለችው።

ርስቱን የገዛው ናትናኤል ትሬሲ ነበር፤ በጦርነቱ ጊዜ መርከቦቹን አስታጥቆ የእንግሊዝ መርከብ በመማረክ የከበረ የኒውበሪፖርት ነጋዴ። ብዙም ሳይቆይ ከሰረ። በመሃል ሌላ ነጋዴ ይዞት ከቆየ በኋላ በ1791 አንድሩ ክሬጊ ገዛው።

ክሬጊ በነጻነት ጦሩ የመጀመሪያው ዋና መድኃኒት ቀማሚ ነበር፤ ሀብቱን ያካበተው ግን በመንግሥት የዕዳ ወረቀትና በመሬት ንግድ ነው። ቤቱን በእጅጉ የለወጠው እሱ ነው። ግራና ቀኝ ጥላ ያላቸው በረንዳዎች ጨመረ፤ ከኋላ አዲስ ክንፍ አስረዘመ፤ አንዱን ክፍል ለታላላቅ ግብዣ እንዲበቃ አሰፋው። ዛሬ ጎብኚ የሚያየው የቤቱ ቁመና የቫሳልና የክሬጊ ሥራ ድምር ነው። ድግሱ ግን ከገቢው በላይ ሆነ። በቻርልስ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠርቶ ማዶውን መሬት ሊሸጥ አቀደ፤ ድልድዩ በ1809 ቢያልቅም ዕዳው አላለቀም። በዘመኑ ሕግ ባለዕዳ ይታሰር ስለነበር በመጨረሻ ዘመኑ ከቤቱ የሚወጣው ማንም ሊይዘው በማይችልበት በእሑድ ቀን ብቻ ነበር ይባላል። በ1819 ሞተ።

መበለቲቱ ወይዘሮ ኤልዛቤት ክሬጊ ቤቱን ላለማጣት ክፍል ማከራየት ጀመሩ። የሃርቫርድ መምህራን እየተፈራረቁ ተከራዩ። በ1837 አንድ የሰላሳ ዓመት ሰው በራቸውን አንኳኳ። ወይዘሮዋ ረዥም፣ ጥምጥም የማይለያቸው ሴት ነበሩ፤ ወጣት መስሎ ስለታያቸው ተማሪ እንደማያስገቡ ነገሩት። «ተማሪ ሳልሆን መምህር ነኝ» አላቸው። ስሙን ሲነግራቸው ሎንግፌሎ ሆነ፤ የጉዞ መጽሐፉ «ኡትረ ሜር» በእጃቸው ነበረችና ፊታቸው ተፈታ። ክፍሎቹን አንድ በአንድ እያሳዩት ግን እያንዳንዱን ለእሱ እንደማይሆን ይነግሩት ነበር። በመጨረሻ ያከራዩት ዋሽንግተን ይተኛበት የነበረውን ክፍል ነው።

ገጣሚው ሄንሪ ዋድስዎርዝ ሎንግፌሎ በሃርቫርድ የዘመናዊ ቋንቋዎች ፕሮፌሰር ነበር። የመጀመሪያ ሚስቱን በአውሮፓ ጉዞ ላይ ሳለ በሞት አጥቷል። በስዊዘርላንድ የተዋወቃትን ፋኒ አፕልተንን ሰባት ዓመት ለምኖ በ1843 አገባት። አባቷ ናታን አፕልተን ያንኑ ቤት በ10,000 ዶላር ገዝቶ ለሙሽሮቹ ሰጣቸው። አፕልተን የኒው ኢንግላንድን የጥጥ ፋብሪካዎች ካቋቋሙት አንዱ ነው፤ የፋብሪካዎቹ ጥጥ ደግሞ በደቡብ በባሮች እጅ የሚለቀም ነበር። በስኳር ገንዘብ የተሠራው ቤት በጥጥ ገንዘብ ተገዛ። ሎንግፌሎ ከጋብቻው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ባርነትን የሚቃወም የግጥም መድበል አሳትሟል፤ ከባርነት የሸሹትን ለመርዳትና ነጻ ለማውጣት ገንዘብ እንደሚሰጥም የሒሳብ መዝገቦቹ ይመሰክራሉ። ሰውየው ከልቡ ነበር። የተቀመጠበት ጣሪያ ግን ከዚያ ዓለም ሀብት የራቀ አልነበረም፤ ሁለቱም እውነት ናቸው።

ቤቱ ደስታ የበዛበት ያኔ ነው። ስድስት ልጆች ተወለዱ። በ1847 ፋኒ ሦስተኛ ልጇን ስትወልድ ኢተር በተባለው ማደንዘዣ በመውለድ በአሜሪካ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ያቺ ሕፃን ሁለት ዓመት ሳይሞላት ሞተች። ሎንግፌሎ የጥናት ክፍሉን ያደረገው ዋሽንግተን ይሠራበት በነበረው ክፍል ነው፤ «ኢቫንጀሊን» እና «ሃያዋታ» የተባሉት ረዣዥም ግጥሞቹ የተጻፉት በዚህ ቤት ነው። ደራሲዎቹ ኤመርሰን፣ ሆቶርንና ዲክንስ እየመጡ ተስተናግደዋል። የዋሽንግተንን ቤት ለማየት የሚመጣ እንግዳ ሁሉ በር ይከፈትለት ነበር።

በሐምሌ 9፣ 1861 ፋኒ የልጆቿን ፀጉር ቆርጣ በወረቀት ጠቅልላ በሰም ስታሽግ ስስ ቀሚሷ በእሳት ተያያዘ። ወደ ባሏ ክፍል ሮጠች። እሱም ከእንቅልፉ ነቅቶ በምንጣፍ ሊያጠፋው ታገለ። በማግስቱ አረፈች። የቀብሯ ቀን የጋብቻቸው ቀን ነበር፤ ሎንግፌሎ ፊቱና እጁ ተቃጥሎ ስለነበር ሊቀብራት አልቻለም። በሥዕሎቹ የምናውቀው ረዥም ጺሙ ከዚያ ቃጠሎ በኋላ፣ መላጨት ሲያቅተው ያሳደገው ነው። ከሐዘኑ ለመውጣት የባለቅኔውን የዳንቴን «መለኮታዊ ትርዒት» ወደ እንግሊዝኛ መተርጎሙን ተያያዘው። ረቡዕ ማታ ወዳጆቹ ተሰብስበው ትርጉሙን ያርሙለት ነበር፤ በ1867 ታተመ።

በዚያው 1861፣ በጥቅምት፣ ዳርቢ ቫሳል በ92 ዓመቱ ሞተ። ዕድሜውን ያሳለፈው በቦስተን በነጻነት ነው። በ1796 ጥቁሮች ለሕመም፣ ለቀብርና ለመበለቶች እንዲረዳዱ ያቋቋሙት የአፍሪካ ማኅበር፣ የእኛን እድር የሚመስል ማኅበር፣ መሥራች አባል ነበር። ከሄንሪ ቫሳል ዘር በተሰጠው የጽሑፍ ፈቃድ መሠረት በካምብሪጅ በክራይስት ቸርች ቤተ ክርስቲያን ሥር ባለው በቫሳሎች መቃብር ተቀበረ። ቤተሰቡን ባሪያ አድርገው የያዙት ሰዎች አጽም አጠገብ አረፈ። የጥቁር ሰው መብት በጦር ሜዳ የሚወሰንበት የእርስ በርስ ጦርነት ከተጀመረ ገና ስድስት ወሩ ነበር።

ሎንግፌሎ በ1882 ሞተ። በሕይወት ካሉት ሴት ልጆቹ ታላቋ አሊስ ቤቱን አልለቀቀችም። በኋላ ራድክሊፍ ኮሌጅ የሆነውን የሴቶች ትምህርት ካቋቋሙት መካከል ነበረች፤ የዋሽንግተንን የማውንት ቨርነን ቤት በሚጠብቀው የሴቶች ማኅበርም አገልግላለች። የአባቷን ክፍሎች እንደነበሩ ጠበቀች፤ ወንድሟ ቻርልስ ከጃፓን ያመጣቸውን ዕቃዎች ጨምሮ። የአትክልት ቦታውን ሴት የአትክልት ንድፍ ባለሙያዎች እንዲያድሱት አደረገች። በ1913 የሎንግፌሎ ልጆች ቤቱ እንዳይሸጥና እንዳይፈርስ በባለአደራ ሥር አዋሉት። ዝናው ከግቢው አልፎ በመላ አገሪቱ ቅጂዎቹ ተሠሩለት፤ በሚኒያፖሊስ ያለው መጠኑን ቀነስ አድርጎ የተሠራ ቅጂ ዛሬም ቆሟል።

የሎንግፌሎ የልጅ ልጅ ሄንሪ ዳና በ1917 ጦርነትን በመቃወሙ ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መምህርነቱ ተባረረ። ወደ አያቱ ቤት ተመልሶ እስከ ሞተበት እስከ 1950 ኖረበት። የቤተሰቡን ደብዳቤ፣ ፎቶግራፍና የሒሳብ ደብተር እየሰበሰበና እየለየ ያደራጀው እሱ ነው። ዛሬ የታሪክ ሰዎች ስለ ቤቱ የሚያውቁት ብዙው ነገር የዚያ ሰው ትጋት ፍሬ ነው። በ1972 ቤቱ ለአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ተላለፈ። ለረዥም ጊዜ የሎንግፌሎ ቤት ብቻ ይባል ነበር፤ በ2010 የዋሽንግተን ጠቅላይ ሠፈር የሚለው ተጨመረለት።

ባለፉት ዓመታት ደግሞ የቶኒና የኩባ ታሪክ በቤቱ ጉብኝት ውስጥ ቦታ አግኝቷል። ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በ2022 ከባርነት ጋር ስላለው ትስስር ባወጣው ሪፖርትም ስማቸው ተነሥቷል። የኩባ የመጀመሪያ ጌቶች የነበሩት ሮያሎች በኑዛዜ የተዉት ሀብት ለሕግ ትምህርት ቤቱ መመሥረት መነሻ ሆኗልና፤ ትምህርት ቤቱም በ2016 የሮያልን ምልክት ከዓርማው አንሥቷል። ዘግይቷል፤ ግን ተገቢ ነው።

በካምብሪጅና በቦስተን ዙሪያ የምትኖሩ ወገኖች ብዙ ናችሁ። ቤቱ ከግንቦት መጨረሻ እስከ ጥቅምት ያለ ክፍያ ይጎበኛል። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። አስጎብኚው የዋሽንግተንንና የሎንግፌሎን ክፍል ሲያሳያችሁ ኩባና ቶኒ የት ይኖሩ እንደነበር ጠይቁ። ከዚያ ወደ ሃርቫርድ አደባባይ ስትመለሱ መንገዳችሁን በክራይስት ቸርች በኩል አድርጉ፤ ዳርቢ ቫሳል ያረፈው እዚያ ነው።